ወደብም ኪራይ ይቆጥራል
ሦስት ቀን በሞርዥ፣ ነፋስ እስኪያልፍ

«ስዊስ አገር የሚኖር አንድ ሐበሻ በሸራ ጀልባ ሽርሽር ወጣ» ቢባል ከሰሚው አፍ መጀመሪያ የሚወጣው «ምነው፣ ሎተሪ ደረሰው እንዴ?» የሚል ጥያቄ መሆኑን ይህ ጸሐፊ አያጣውም። ስለዚህ ወሬው ሳይዛመት እኔው ራሴ ልናገር። ሎተሪ አልደረሰኝም። ጀልባዋም የእኔ አይደለችም። ርዝመቷ ሰባት ሜትር የማይሞላ፣ ዕድሜዋ ከእኔ የማያንስ፣ አንድ ስዊሳዊ ሽማግሌ «ውሰድና ገላግለኝ» ብሎ ከነጻ በማይሻል ዋጋ ለአንድ የአገራችን ሰው ያስረከባት አሮጌ ጀልባ ናት። ሽርሽሩም ቢሆን አብዛኛው ያለፈው በገመድ ታስረን ነፋስ ስናዳምጥ ነው። ላወጋችሁ የፈለግሁትም ስለዚሁ ስለ መታሰሩ ነው።

ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት

ዙሪክ መኖር ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከሥራ ስመለስ ብዙ ጊዜ በቡርክሊፕላትዝ በኩል በሐይቁ ዳር አልፋለሁ። አንዳንድ ቀን ታዲያ በውሃው ዳር ብርቱካንማ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አያለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የፖሊስ መኪና ይመስለኝ ነበር። ወረቀቱ ገና ያልተስተካከለለት ሰው ደግሞ የፖሊስ መብራት ሲያይ ምክንያቱን አይጠይቅም፤ መንገዱን ይቀይራል። እኔም ስንትና ስንት ምሽት ከነፋስ ማስጠንቀቂያ መብራት ሸሽቼ በጓሮ በጓሮ ቤቴ ገብቻለሁ!

ትርጉሙን የነገሩኝ «አድሚራል» ናቸው። በስዊስ ትላልቅ ሐይቆች ዙሪያ የተተከሉት እነዚህ መብራቶች ሁለት ቋንቋ ብቻ ይናገራሉ። በደቂቃ 40 ጊዜ ብልጭ ካሉ «ብርቱ ነፋስ ሊመጣ ይችላልና ተጠንቀቅ» ማለት ነው፤ በሰዓት ከ46 እስከ 61 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ማለት ነው። በደቂቃ 90 ጊዜ ብልጭ ካሉ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ወጀብ እየመጣ ነውና «ውሃ ላይ ያለህ ቶሎ ወደ ወደብ ግባ፤ ወደብ ያለህም አትውጣ» ማለት ነው። በጀርመንኛ ተናጋሪው ዙሪክም ሆነ በፈረንሳይኛ ተናጋሪው ጄኔቭ መብራቱ ያው አንድ ነው። እኔ አሥር ዓመት የፈጀብኝን ጀርመንኛ ያህል እንኳ አያስቸግርም።

አድሚራል ያልኳቸው ሰው በእርግጥ አድሚራል አልነበሩም። ስሙን ያወጣላቸው ተረብ የማያጣው የጄኔቭ ሐበሻ ነው። በ1972 ዓ.ም. በሃያ ዓመታቸው ባሕር ኃይል ገብተው ምጽዋ ላይ የሠለጠኑ ባሕርተኛ ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት ቀይ ባሕር ላይ ሠርተዋል። ይሁንና በስዊስ ሕግ ሸራው ከ15 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ጀልባ የሚነዳ ሁሉ የመንጃ ፈቃድ ማውጣት አለበትና፣ ሰውየው በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው እንደ ተማሪ ደብተር ይዘው፣ በፈረንሳይኛ አጥንተው፣ ሃያ ዓመት ካልሞላቸው ልጆች ጎን ተቀምጠው ተፈትነዋል። «ቀይ ባሕርን ማን ይመስክርልህ?» ብለው ይስቃሉ ሲያወሩት። ጀልባዋን ያገኙትም ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ተሳፋሪ ልጁ ነበር። ስሙን አልጽፍም። ከወሎ የመጣ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። ኤፍ የሚባለውን፣ «ለጊዜው ተቀመጥ» የሚለውን መታወቂያ ይዞ ጄኔቭ ውስጥ በወጥ ቤት ሠራተኝነት ይኖራል። በሱዳን በሊቢያ አድርጎ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ በላስቲክ ጀልባ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ ነው የመጣው። ከዚያ ወዲህ ውሃ አይወድም። ድልድይ ሲሻገር እንኳ መሐል መሐሉን ነው የሚሄደው። አድሚራል ይህን አይተው «ጄኔቭ እየኖርክ ውሃ ፈርተህ ወዴት ትደርሳለህ? በየት በኩል ብትዞር ሐይቅ ነው» እያሉ አንድ ክረምት ሙሉ ሲወተውቱት ከርመው፣ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ ላይ እሺ አሰኙት። እኔም የአምስት ቀን ፈቃድ ይዤ ከዙሪክ በባቡር ወረድኩ። ሐሳባችን ከጄኔቭ ተነሥተን እስከ ሐይቁ ራስ፣ እስከ ቪልነቭ መድረስ ነበር።

ከጄኔቭ እስከ ሞርዥ

ማክሰኞ ጠዋት ውሃው እንደ መስተዋት ነበር። 140 ሜትር ወደ ሰማይ የሚተኮሰውን የጄኔቭን ፏፏቴ በስተቀኝ ትተን፣ የመንግሥታት ማኅበር ዋና ጽሕፈት ቤት እስከ 1936 እ.ኤ.አ. የነበረበትን ፓሌ ዊልሶንን በስተግራ አለፍን። አድሚራል እጃቸውን ወደ ሕንፃው ዘርግተው ለልጁ ያስረዱታል። ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ለማኅበሩ ጉባኤ አቤት ያሉት በዚችው ከተማ መሆኑን፣ ሰሚ አጥተው ወደ እንግሊዝ ተመልሰው፣ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገቡ ድረስ መጠበቃቸውን ነገሩት። ልጁ በሁለት እጁ የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጦ «እሺ አባባ» ይላል። ልቡ ግን ውሃው ላይ ነው።

እኔ የጣና ዳር ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር ተወልጄ ታንኳ ስመለከት ነው ያደግሁት። ስለዚህ ሐይቅ አውቃለሁ ባይ ነኝ። አድሚራል ግን «ጣናህ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም» አሉኝ። እውነትም ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ይህ የሌማን ሐይቅ ስፋቱ 580 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ጥልቀቱ ግን 310 ሜትር ይደርሳል። ቢሆንም አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። በእኛ አገር ደንገል አሥሮ ታንኳ የሚነዳው ሰው በማለዳ ተሻግሮ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ዳር ይዞ ይቀመጣል። ማንም «ፈሪ» አይለውም። አባቴ ጣናን ለመሻገር ለተነሣ እንግዳ «ማለዳ ካልደረስክ ነገ ማለዳ አለ» ይሉ እንደነበር አስታውሳለሁ። ዙሪክ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት በደቂቃ ከሚቆጠር ባቡር ጋር ስሮጥ ይህን ረስቼው ነበር።

የሌማን ነፋሶች እንደ ሰው ስም አላቸው። ዦራን የሚሉት ከዡራ ተራሮች ድንገት ወርዶ ሰው ሳይዘጋጅ የሚመታው ነው። ቮዴር የሚሉት ከሐይቁ ራስ፣ ከሮን ሸለቆ በኩል የሚመጣው ነው። ከሁሉም የታወቀው ግን ቢዝ ነው። ቢዝ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍስ ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ ሲሆን፣ በአልፕስና በዡራ ተራሮች መካከል ተይዞ ወደ ጄኔቭ በመጣ ቁጥር መተላለፊያው እየጠበበበት ጉልበቱ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ይኸው ነፋስ የሐይቁን ውሃ እያፈሰ በቬርስዋ ዳርቻ የቆሙ መኪናዎችን፣ ዛፎችንና ወንበሮችን በወፍራም በረዶ ሸፍኗቸው ነበር፤ ፎቶግራፉ በዓለም ዞሯል። የአገሬው ሽማግሌዎች ቢዝ አንዴ ከተነሣ ሦስት፣ ወይም ስድስት፣ ወይም ዘጠኝ ቀን ሳይነፍስ አይለቅም ይላሉ።

ማክሰኞ ማታ ኒዮን አደርን። ረቡዕ ጠዋት ተነሥተን ሮልን ካለፍን በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ አድሚራል ወሬያቸውን አቋርጠው ዝም አሉ። ከፊታችን ውሃው ላይ ጥቁር መስመር ይታያል። «ያውና» አሉ። ጥቂት ቆይቶ በዳርቻው ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ፦ አርባ።

ነፋሱ ሲደርስብን ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ተጋደመች። አድሚራል ሸራውን እያሳጠሩ እኔን ገመድ ያስይዙኛል። እኔ ከድንጋጤዬ «ወደ ማዶ ለምን አንሸሽም? ነፋሱ ራሱ ይወስደን የለም?» አልኩ። ማዶው ፈረንሳይ ነው፤ ቶኖን የምትባለው ከተማ ትታያለች።

«ሁለት ነገር አለ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አንደኛ፣ ማዕበሉ እየከመረ የሚሄደው ወደዚያ ማዶ ነው፤ ነፋስ ወደሚገፋህ ዳርቻ አትሽሽ፤ ሰባብሮ ይጥልሃል። ሁለተኛ፣ የዚህን ልጅ ወረቀት አትርሳ።»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ኤፍ የያዘ ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ከስዊስ መውጣት አይችልም። የፈረንሳይ ድንበር ደግሞ በሐይቁ መሐል ያልፋል፤ አጥርም ምልክትም የለውም። አድሚራል ገና ጄኔቭ ሳሉ ካርታቸው ላይ መግቢያ የሚሆኑትን ወደቦች በቀይ እርሳስ አክብበው ነበር። አሁን ስመለከተው ቀዩ ክብ ሁሉ በስዊስ በኩል ብቻ ነው። ልጁ አንድ ቃል አልተናገረም። ካርታውን ግን ቀና ብሎ አይቶታል።

ከአንድ ሰዓት ትግል በኋላ፣ ልብሳችን ርሶ፣ ሞርዥ ወደብ ገባን።

የወደብ ሥራ

ሞርዥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ግንብ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ወደቧን በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያሠሩት አገሩን ይገዙ የነበሩት የበርን ሰዎች ናቸው። የድንጋይ ግንቡ ማዕበሉን ከውጭ ያስቀረዋል። ነፋሱን ግን አያስቀረውም። ሌሊቱን ሙሉ በመቶ በሚቆጠሩ ጀልባዎች ላይ ገመዱ ምሰሶውን እየመታ፣ ቅዳሴ እንደማያልቅበት ደብር ሲያቃጭል ያድራል።

እኔ ወደብ መግባት ማለት ማረፍ ይመስለኝ ነበር። አድሚራል ግን እንደገባን ሥራ አመጡ። የማሠሪያው ገመድ ሁሉ ተደረበ። ገመዱ ድንጋይ በሚነካበት ቦታ አሮጌ ጨርቅ ተጠመጠመበት። ሸራው ወርዶ ተፈተሸ፤ ስፌቱ የተከፈተበት አንድ ቦታ ተገኘ። መርፌና ወፍራም ክር አወጡና ልጁን ቁጭ አድርገው መስፋት አስተማሩት። ሞተሯ ተከፍታ ጸዳች። ጀልባዋ ውስጥ የገባው ውሃ ተቀዳ። የሌሊቱ የወደብ ኪራይ ተከፈለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በትንሿ የጋዝ ምድጃ ላይ ሽሮ ተንተከተከ። ጎረቤታችን የነበረ አንድ ስዊሳዊ ሽታው ስቦት ብቅ አለና ዳቦ ይዞ መጥቶ ከእኛ ጋር በላ።

ማታ አድሚራል አንድ ደብተር አውጥተው በአማርኛ ጻፉ። አጮልቄ አየሁት። «ረቡዕ። ሞርዥ ወደብ። ነፋስ ሰሜን ምሥራቅ። መብራት 40። ገመድ ተደርቧል። ሸራ ተሰፍቷል። ጀልባ ደኅና። ሰው ደኅና።»

ሐሙስ ጠዋት መብራቱ 90 ይል ነበር። አድሚራል ከጀልባዋ አልለይም አሉ። እኔና ልጁ በእግራችን ጎረቤት ወደምትገኘው ቶሎሸናዝ ወደምትባል መንደር ሄድን። እዚያች መንደር መቃብር ውስጥ፣ በአንድ ተራ መስቀል ሥር፣ ኦድሪ ሄፕበርን ተቀብራለች። ስመ ጥሯ የፊልም ተዋናይ መጨረሻ ዘመኗን ኖራ እ.ኤ.አ. በጥር 1993 ያረፈችው በዚህች መንደር ነው። ለዩኒሴፍ መሥራት ስትጀምር መጀመሪያ የሄደችው ወደ እኛ አገር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1988፣ ድርቅና ጦርነት በነበረበት ሰዓት። ልጁ ስሟን ሰምቶ አያውቅም። ታሪኩን ስነግረው ግን ጎንበስ ብሎ ነፋስ የጣለውን የአበባ ማሰሮ አነሣና ቀጥ አድርጎ አቆመው።

ስንመለስ፣ ነፋሱ ፊት ፊታችንን እየመታን፣ ሳልጠይቀው መናገር ጀመረ።

«ጋሼ፣ እኛም ጠብቀን ነበር» አለኝ። «ሊቢያ ስምንት ወር መጋዘን ውስጥ ጠበቅን። ግን የምንጠብቀው አየሩን አልነበረም፤ የደላላውን ስልክ ነው። ስልኩ የተደወለ ሌሊት ባሕሩ ይጮኽ ነበር። አንድ ልጅ ‹ነገ ቢሆንስ?› አለ። በዱላ መቱትና ጫኑት። ‹አትውጡ› የሚል መብራት በዓለም ላይ መኖሩን ያወቅሁት አሁን እዚህ ነው።»

ምን ብዬ እመልስለት? ዋና መሥሪያ ቤቱ ጄኔቭ የሆነው ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በአንድ ዓመት ብቻ ከ5,000 በላይ ሰዎች ሜዲትራኒያን ላይ መሞታቸውን ወይም መጥፋታቸውን መዝግቧል። እኔ ጋዜጠኛ በነበርኩበት ጊዜ እንዲህ ያለውን ቁጥር በአንድ መስመር ጽፌ ወደሚቀጥለው ዜና አልፍ ነበር። «ነገ ቢሆንስ?» ያለው ልጅ ከዚያ ቁጥር ውስጥ ይኑር አይኑር አልጠየቅሁትም።

ማታ ልጁ ቦርሳውን አዘጋጅቶ «በባቡር ልመለስ» አለ። ይህ የገመዱ ድምፅ ሌሊት አያስተኛውም። ከሞርዥ ጄኔቭ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። እኔ አድሚራል የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ካፖርታቸውን ደርበው እስከ ጣቢያው ሸኙት። «ልጄ፣ ይህ ሽሽት አይደለም» አሉት። «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። አንተን ሳያሳስቅ ነው የወሰደህ፤ ስለዚህ መፍራትህ ልክ ነው። ሸራውን የሰፋኸው አንተ ነህ፤ ስንወጣ ስፌትህ አብሮን ይወጣል።» ለኔ ደግሞ ሲመለሱ እንዲህ አሉኝ፦ «በዚህ ሐይቅ ዙሪያ በሁለቱም አገር እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ በፈቃዳቸው ሰው የሚያድኑ ሰዎች አሉ፤ 34 ጣቢያ አላቸው። ሰው ሲሰጥም ወረቀት አይጠይቁም። ይህን ሄደህ ብትነግረው ግን አያምንህም። ራሱ ያየው ቀን ነው የሚያምነው።»

የበላቸው ወደቡ ነው

ዓርብ መብራቱ ወደ 40 ወረደ። ፀሐይም ወጣች። ሁለት ጀልባዎች ከወደቡ ሲወጡ አየሁ። በቃ፣ ትዕግሥቴ አለቀ። «ጋሼ፣ እነዚህ ወጥተዋል እኮ! እኛ ምን እንጠብቃለን? እሑድ ዙሪክ መግባት አለብኝ» አልኳቸው።

«ወጡ፤ ይድረሱ» አሉ ገመድ እየጠመጠሙ። «የእነሱ ጀልባ ከእኛ በሁለት እጥፍ ትበልጣለች። አንተን የሚያስቸኩልህ ግን የሰኞ ሥራህ ነው። ሐይቁ ሰኞን አያውቅም።»

«ጋሼ፣ ሲፈሩ ይኖራሉ እንዴ?» ብዬ አረፍኩት። እንዲህ ያለ ቃል ለታላቅ ሰው በመናገሬ ዛሬም ይቆጨኛል። ሁለቱ ጀልባዎች በሰላም መግባታቸውን በኋላ ሰምተናል፤ ስለዚህ ታሪኩን እሳቸው ትንቢተኛ እኔ ሞኝ አድርጌ አልጽፈውም። አድሚራል አልተቆጡም። ገመዱን አስቀመጡና ተቀመጡ።

«እኔ ማዕበል የፈራሁበት ቀን አለ፤ አልክድም። ከማዕበል ይልቅ የምፈራው ግን ሌላ ነው» አሉ። ከዚያም የባሕር ኃይላችንን ታሪክ አወጉኝ። ኖርዌያውያን መኮንኖች ያሠለጠኑት፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ባሕር ኃይል፣ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋን አጣ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ከመርከቦቹ በርካታዎቹ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን ገቡ። እሳቸውም ከእነዚያ በአንዷ ላይ ነበሩ።

«በሰላም ነው የተሻገርነው» አሉ። «ባሕሩ አንድም አልነካን። ወደብ ገባን፣ መልህቅ ጣልን፣ ‹አየሩ እስኪያልፍ ነው› ተባባልን። የፖለቲካውን አየር ማለታችን ነው። መጀመሪያ ላይ ጠዋት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ እንሰቅላለን፤ ብረቱን እንቀባለን፤ ሞተሩን እናስነሣለን። ከዚያ ደመወዝ ጠፋ። ቀለም ጠፋ። ‹ለነገ ምን አስቸኮለን› የሚል ሰው በዛ። ዝገት ግን ነገን አይጠብቅም። አንዱ በሌሊት ወረደና ቀረ፤ ሌላው ተከተለ። እኔም ወረድኩ። መርከቦቹ ኋላ ከየመን ወጥተው ጅቡቲ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወደብ ኪራይ አልተከፈለባቸውም ተብሎ ተይዘው በሐራጅ ተሸጡ። አየህ፣ የእኛን መርከቦች ማዕበል አላሰጠማቸውም። የበላቸው ወደቡ ነው። ወደብም ኪራይ ይቆጥራል።»

ዝም አልን። ትንሽ ቆይተው ፈገግ ብለው ጨመሩ። «ይኸውልህ ስዊስን እይ። ባሕር የሚባል የላትም። እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ ግን በባንዲራዋ ውቅያኖስ ላይ የሚሄዱ የንግድ መርከቦች ነበሯት። የጄኔቭ ጀልበኞች ማኅበር አሊንጊ በምትባል ጀልባ የአሜሪካን ዋንጫ በ2003ና በ2007 ወስዷል። የት ተለማመዱ? እዚሁ ኩሬ ላይ! ‹ባሕር የለንም› ብለው ገመዳቸውን አልጣሉም።» የእኛም አገር ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ወደብ አልባ ብትሆንም ባንዲራዋን የያዙ የንግድ መርከቦች ውቅያኖስ ላይ መቅረታቸውን፣ ባሕር ኃይሉንም መልሶ ለማቋቋም በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት መፈረሙን ያውቃሉ። «እኔን ማን ይጠራኛል፤ ግን ደስ ብሎኛል» አሉና ወደ ገመዳቸው ተመለሱ።

ያን ቀን ማታ እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ጋዜጣ ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ የማውቀውን ነገር ታውቁታላችሁ ብዬ እገምታለሁ። ዙሪክ ቤቴ ውስጥ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከአገሬ ይዤው የወጣሁት ሻንጣ አለ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያው ነው። ውጭ አገር የተማርኩበት የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬ በስዊስ እንዲመዘንልኝ የሚያስፈልገው ቅጽ እዚያ ሻንጣ ውስጥ ነው። አልሞላሁትም። «በሚቀጥለው ዓመት አገሬ እገባ የለም፣ ምን ያደርግልኛል?» ብዬ ነው። በዚህ ምክንያት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስቆጥር ኖርኩ። ጀርመንኛውንም በዚሁ ምክንያት አዘገየሁት። ብዕሬንም «አገሬ ገብቼ እጽፋለሁ» ብዬ አስቀመጥኩት። አየሩ ክፉ ስለነበር ወደብ መግባቴ ስሕተት አልነበረም፤ ከመሞት መሰንበት ይሻላልና። ነገር ግን ገመዴን አልደረብኩም፣ ሸራዬን አልሰፋሁም። ቀኑን ብቻ ስቆጥር፣ ኪራዩ እኔን ሲቆጥረኝ ከረመ።

መብራቱ ጠፋ

ቅዳሜ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የአድሚራል ስልክ ጮኸ። ልጁ ነበር። «አባባ፣ መብራቱ ጠፍቷል!» ይላል። ለካስ ጄኔቭ ሆኖ ሌሊት ከሥራ ሲወጣ በሐይቁ ዳር እየዞረ መብራቱን ሲያይ ነው ያደረው። አድሚራል ከጀልባዋ ብቅ ብለው አዩ። እውነትም ጠፍቷል። ገመዶቹ ዝም ብለዋል። ከሦስት ቀን በኋላ ያ ዝምታ ጆሮ ላይ እንግዳ ነገር ነው።

«በመጀመሪያው ባቡር እመጣለሁ፤ ትጠብቁኛላችሁ?» አለ።

«እኛ ከመጠበቅ ሌላ ምን ሥራ አለን?» አሉት።

አንድ ሰዓት ጠበቅነው። ከጣቢያው ሮጦ መጣ፤ በእጁ ዳቦ ይዟል። ገመዱን የፈታው እሱ ነው። ከወደቡ ስንወጣ ሁለት እጁ የጀልባዋን ጠርዝ እንደጨበጠ ነበር። ሎዛንን ካለፍን በኋላ ግን አድሚራል «እስቲ መሪውን ያዝልኝ፣ ሻይ ልጠጣ» አሉና ሄዱ። ሻዩን ለመጠጣት አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። ልጁ የሰፋው ስፌት ነፋስ ሞልቶበት ከራሱ በላይ ተወጥሮ ነበር። ቀና እያለ እሱን ያያል፤ ውሃውን ማየት እየተወ ሄደ። ፍርሃቱ ለቀቀው ብዬ አልዋሽም። በየመሐሉ የዳርቻውን መብራት በዓይኑ ይፈልግ ነበር። የሚፈልገው ግን የት እንዳለ ያውቃል።

ቪልነቭ አልደረስንም። ቬቬ ላይ ጊዜዬ አልቆ ወረድኩ። ባቡር ስጠብቅ አድሚራልን «እንግዲህ ጉዟችን ሦስት ቀን ብቻ ሆነ፤ ማክሰኞ፣ የረቡዕ ግማሽና ቅዳሜ» አልኳቸው። ደብተሩን አውጥተው አሳዩኝ። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ አምስት ቀን፣ አምስት ገጽ። ወደብ የዋልንባቸው ገጾች ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ተጽፎባቸዋል።

«ይህም ጉዞ ነው» አሉኝ። «ያልጻፍከው ቀን ነው የጠፋብህ።»

እሑድ ማታ ዙሪክ ገብቼ በቡርክሊፕላትዝ በኩል አለፍኩ። መብራቱ አልነበረም፤ ሐይቁም ተኝቷል። ቤቴ ገባሁና ወንበር ላይ ቆሜ ሻንጣውን አወረድኩት። አቧራው አስነጠሰኝ። ቅጹ ያረጀ ስለሆነ አዲስ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ጠየቅሁ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩትም በዚያው ምሽት ነው። አገሬ የምገባበትን ቀን ዛሬም እጠብቃለሁ፤ መብራቱ ሲጠፋ እንደ ልጁ በመጀመሪያው ባቡር ነኝ። እስከዚያው ግን ገመድ እየደረብኩ ነው።